ወፍራሟ አውሮፕላንና የፊንላንዱ 24ኛ ስኳድሮን

ኦገስት 1998 ላይ፣ ሩሲያ ካሬሊያ ውስጥ፣ ከአንድ ሐይቅ ሥር አንዲት አውሮፕላን ተጎትታ ወጣች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ደጋግሜ አልጽፈውም።) አጭር ናት። ወፍራም ናት። ከሩቅ ላያት ክንፍ ያወጣች በርሜል ትመስላለች። ቢደብልዩ 372 ትባላለች፤ የፊንላንድ አየር ኃይል 24ኛ ስኳድሮን (የተዋጊ አውሮፕላኖች ክፍል ነው) አውሮፕላን ናት፤ ውኃ ውስጥ 56 ዓመት ተኝታ ነበር። እንደ እህቶቿ ሁሉ የተቀባችው ምልክት ሰማያዊ ስዋስቲካ ነው።

የነዚህን አውሮፕላኖች ፎቶ ያየ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ይቺ የናዚ ናት እንዴ? ሁለተኛ፣ ይቺ ደግሞ ምን ልትዋጋ ነው? ሁለቱም ጥያቄ ጥሩ ነው፤ መልሳቸው ግን ረዘም ይላል።

ከስዋስቲካው ልጀምር። የናዚ አይደለችም። ምልክቱ ፊንላንድ የገባው ማርች 1918 ነው። ናዚዎች የፓርቲያቸው ምልክት ያደረጉት ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይተው ነው። ያመጣው ኤሪክ ፎን ሮዘን የሚባል የስዊድን መኳንንት ነው። ፊንላንድ ነጻነቷን ካወጀች ገና ወራት አልፈዋል፤ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ተይዟል። ሰውዬው ቀዮቹን (ሶሻሊስቶቹን) ለሚወጋው፣ «ነጮቹ» ለሚባለው ወገን አንድ አውሮፕላን በስጦታ ሰጠ። ሰማያዊ ስዋስቲካ የራሱ የዕድል ምልክት ስለነበር ክንፏ ላይ አስቀባው። ፊንላንዶቹ ያቺን አውሮፕላን የአየር ኃይላቸው የመጀመሪያ አድርገው ቆጠሯት፣ ምልክቷንም ወረሱ። እስከ 1945 ድረስ አልቀየሩትም። ሰውዬው ግን ንጹሕ ነበር ለማለት አይደለም። የእሱና የሂትለር ቀኝ እጅ የነበረው የሄርማን ጎሪንግ ሚስቶች እህትማማቾች ናቸው፤ ራሱም በ1930ዎቹ ከስዊድን ናዚዎች ጋር ወግኗል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ፤ ልጁን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የዚሁ ሰው ልጅ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ጣሊያን ሲወረን ለቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ኢትዮጵያ ውስጥ ቁስለኛ ያመላልስ የነበረው እሱ ነው። አባትየው ወደ ናዚዎች ሲጠጋ ልጅየው እኛ ጋ ፋሺስት እየሸሸ ይበራል። ፊንላንድ ስትወረር ደግሞ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ገዝቶ፣ ቦንብ እንዲጥል አስተካክሎ ሄደላት። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጣና የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጅና ሲያሠለጥን እስከ 1956 ቆየ። መጨረሻው ጎዴ ላይ ነው። ጁላይ 1977፣ በኦጋዴኑ ጦርነት፣ ለተቸገረ ሕዝብ እርዳታ ሊያደርስ በሄደበት በሶማሌ ጥቃት ተገደለ። የተቀበረው አዲስ አበባ ነው።

ወደ ስኳድሮኑ እንመለስ።

በአገሩ ቋንቋ ሌንቶላይቩ 24 ይሉታል። የተቋቋመው በ1933 ኡቲ በሚባል ቦታ ነው። ስሙ የታወቀው ግን ኖቬምበር 30፣ 1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ከወረረች በኋላ ነው። የፊንላንድ ሕዝብ ያኔ አራት ሚሊዮን አይሞላም። በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሄልሲንኪ በቦንብ ተደበደበች። ጦርነቱ 105 ቀን ፈጀ፤ የክረምቱ ጦርነት ይባላል። ክረምት ሲባል የእኛን ዝናብ እንዳታስቡ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚወርድ፣ ብረት በባዶ እጅ ከነኩ ቆዳ ይዞ የሚቀር ብርድ ነው።

24ኛው በእጁ የነበረው 36 ገደማ ፎከር ዲ-21 የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ንድፉ የሆላንድ፣ አብዛኛው ሥራው የፊንላንድ ፋብሪካ። ጎማው ከተነሳ በኋላ ወደ ውስጥ አይታጠፍም፤ በ1939 ይሄ ያረጀ ነገር ነበር። አራት ቀላል መትረየስ አለው፣ በቃ። ከፊቱ የሚመጡት የሶቪየት ቦንብ ጣዮች ራሳቸው በፍጥነት ከሱ ብዙም አይተናነሱም። ማለትም አባሮ መያዝ አይታሰብም። ቀድሞ ከላይ ሆኖ መጠበቅ ነው ያለው።

ታዲያ እንዴት ተቋቋሙ? ለእኔ መልሱ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፦ አዛዡ ጉስታፍ ማግኑሰን።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ አየር ኃይሎች ተዋጊ አውሮፕላን የሚያበርሩት ሦስት ሦስት ሆነው፣ ተጠጋግተው ነው። አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላው በግራና በቀኝ። ለሰልፍ ሲያዩት በጣም ያምራል። ለውጊያ ግን ችግር ነው። ሰው በበዛበት ገበያ ሦስት ሰዎች ተቃቅፈው ሊሄዱ ሲሞክሩ አስቡት። ሐሳባቸው በሙሉ አንዱ ሌላውን አለመርገጥ ላይ ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ የማን እጅ እንደገባ አያዩም። አብራሪዎቹም እንደዚያው ናቸው። ሁለቱ ተከታዮች ዓይናቸውን ከመሪያቸው ክንፍ ላይ ካነሱ ይጋጫሉ፣ ስለዚህ አያነሱም፣ ስለዚህ ሰማዩን የሚቃኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። በድንገት ልዙር ቢል ደግሞ ሦስቱም ይተረማመሳሉ።

ማግኑሰን በ1930ዎቹ አጋማሽ ይሄን ተወው። ሁለት ሁለት እንሁን አለ። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ጀርባውን ይጠብቃል። ሁለት ጥንድ ሲገናኝ አራት ይሆናል፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከአውራ ጣት በስተቀር ያሉትን አራት ጣቶች ጫፍ ብታዩ የአቀማመጡን ቅርጽ ታገኙታላችሁ። በመሃላቸው ብዙ ሜትር ክፍተት አለ። ማንም ማንንም ላለመግጨት አይጨነቅም፤ ሁሉም አንገቱን እያዞረ ያያል። ጀርመኖች ስፔን ላይ እየተዋጉ እዚሁ ሐሳብ ላይ ደረሱ። እንግሊዞች ግን ሦስት ሦስቱን የተዉት በ1940 ስንት አብራሪ ከቀበሩ በኋላ ነው። ፊንላንዶቹ ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ ለውጠውት ነበር። ድሃ አገር ስለሆኑ ይመስለኛል፤ አንድ አብራሪ ሲሞት የሚተካው የለም።

ሌላው ነገር ተኩስ ነው። ጥይት ውድ ነው፣ መትረየሱም ቀላል ነው፣ ስለዚህ ቅርብ ሂድ ተባለ። 50 ሜትር ድረስ ቅረብ፣ የጠላት አውሮፕላን ፊትህን ሞልቶ እስኪታይ። መጀመሪያ የኋላ ተኳሹን ዝም አሰኝ፣ ከዚያ ሞተሩን። በሰላሙ ጊዜ ነዳጅና ጥይት እየተቆጠበ ለሌላ ነገር ሲከለከል፣ ለተኩስ ልምምድ ግን ይፈቀድ ነበር። ከሶቪየት ተዋጊዎች ጋር ደግሞ ካልተገደዳችሁ አትያያዙ፣ ከተማ የሚያቃጥለው ቦንብ ጣዩ ነው፣ እሱን ፈልጉ ተባሉ።

ይሄ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ጃንዋሪ 6፣ 1940 ታየ። እኩለ ቀን ገደማ ሰባት የሶቪየት ቦንብ ጣዮች ቦንባቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። ተዋጊ አጃቢ የላቸውም። መቶ አለቃ ዮርማ ሳርቫንቶ ብቻውን በፎከሩ ከኋላቸው ደረሰ። ሰባቱም የኋላ ተኳሾች በአንድ እሱ ላይ ይተኩሳሉ። አንዱን ተጠጋ፣ ተኳሹን ዝም አሰኘው፣ ከዚያ ሞተሩን መታ፣ ነደደ። ወደሚቀጥለው። እንደገና ወደሚቀጥለው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ስድስት አውሮፕላን ጣለ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቁልፉን ተጫነ፣ ምንም የለም፤ ጥይቱ አልቋል። ፎከሩ በጥይት ተበሳስቶ አረፈ። ወሬው በየጋዜጣው ዓለምን ዞረ። ከወደቁት የአንዱን ቁራጭ ይዞ የተነሳው ፎቶ እስከዛሬ ይዞራል።

ስለ አብራሪዎቹ ሲወራ መካኒኮቹ ይረሳሉ። በዚያ ብርድ ሞተር በቁልፍ አይነሳም። ማታ ዘይቱ ይቀዳል፣ ጠዋት ተሞቆ ይመለሳል። ሞተሩ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈንና ከሥሩ ማሞቂያ ይገባበታል። ማረፊያው ብዙ ጊዜ የቀዘቀዘ ሐይቅ ነው። ይሄን በጨለማ፣ በጣት መደንዘዝ የሚሠራ ሰው ከሌለ ሳርቫንቶ የትም አይሄድም።

ጦርነቱ ማርች 13፣ 1940 ሲያበቃ ስኳድሮኑ ጣልኩ ያለው 120 ገደማ ነው፤ ያጣው ደግሞ 12 ገደማ ፎከር። ፊንላንድ ግን መሬት አስረክባለች፤ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወጥቷል። ሰማይ ላይ ማሸነፍና ጦርነት ማሸነፍ አንድ አይደለም።

አሁን ወፍራሟ ትምጣ። ስሟ ብሩስተር ነው፤ የአሜሪካ ሥራ ናት። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ከመርከብ ላይ እንድትነሳ የተሠራች ናት፣ እነሱ ግን የተሻሻለችውን ሞዴል መጠበቅ መረጡ። ፊንላንድ 44 ገዛች። በመርከብ ኖርዌይ፣ ከዚያ ስዊድን፣ እዚያ ተገጣጥመው እየበረሩ ፊንላንድ ገቡ፤ ለክረምቱ ጦርነት ውጊያ ግን አልደረሱም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ለ24ኛው ተሰጡ።

ይቺ አውሮፕላን በአሜሪካኖች ዘንድ ስሟ ክፉ ነው። ጁን 4፣ 1942 ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ሚድዌይ ደሴት ላይ ጃፓኖችን ሊገጥሙ ከተነሱት የአሜሪካ ብሩስተሮች 13 አልተመለሱም። እንግሊዞችም ሩቅ ምሥራቅ ላይ ተቃጥለውባታል። ፊንላንዶቹስ? «የሰማይ ዕንቁ» አሏት። ከፍቅር ብዛት ሌላም ስም ነበራት፦ «የምትበር የቢራ ጠርሙስ»።

አንድ አውሮፕላን እንዴት አንድ ቦታ ሬሳ ሳጥን፣ ሌላ ቦታ ዕንቁ ትሆናለች? አንደኛ፣ ቃል በቃል አንድ አይደለችም። ለፊንላንድ የተሸጠችው የመጀመሪያዋ ሞዴል ናት፤ የመርከብ ላይ ዕቃዎቿ፣ ማረፊያ መንጠቆዋና የነፍስ አድን ጀልባዋ ተነስተውላታል። ቀላል ናት፣ እንደልብ ትጠመዘዛለች። አሜሪካኖቹ ሚድዌይ ላይ ያበረሩት ሞዴል ነዳጅና ብረት እየተጨመረበት የከበደውን ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ዘይት እያፈሰሰ ያስቸግር ነበር፤ የፊንላንድ መካኒኮች በየሲሊንደሩ ካሉት የፒስተን ሪንጎች አንዱን ገልብጠው ገጠሙት፣ ችግሩ ረገበ። ልክ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራ ነገር። ሦስተኛ፣ ሩቅ ትበራለች፣ አብራሪው ውስጧ አይጨናነቅም፣ ኋላ ላይም አራት ከባድ መትረየስ ተገጠመላት። አራተኛው ትልቁ ነው፦ በ1941 የገጠሟቸው የሶቪየት ተዋጊዎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፣ አብራሪዎቻቸውም በቂ ሥልጠና ያላገኙ። ጃፓን ሚድዌይ ላይ የላከችው ግን በዘመኑ ምርጥ የሚባሉትን ነው።

ሁለተኛው ጦርነት፣ ፊንላንዶች «ተከታዩ ጦርነት» የሚሉት፣ ጁን 25፣ 1941 ጀመረ። እዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። በዚህ ጊዜ ፊንላንድ ከሂትለር ጎን ሆና ነው የተዋጋችው። የራሳችን ጦርነት ነው፣ የተወሰደብንን መሬት ልናስመልስ ነው ይላሉ፤ እውነት አለው። ግን የድሮውን ድንበር አልፈውም ገብተዋል፤ ነዳጁም መሣሪያውም ከጀርመን ይመጣ ነበር። ስለነዚህ አብራሪዎች ጀግንነት የሚጽፍ ሰው ይሄን ከዘለለ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

24ኛው በብሩስተር እስከ ሜይ 1944 ድረስ ጣልኩ ያለው 459 ነው። በአየር ውጊያ ያጣው 15። አንድ ለሠላሳ ማለት ነው! ይሄ ቁጥር በየቦታው እንደ ተአምር ይጠቀሳል። ቁጥሩን ስታነቡ ግን ቀስ በሉ። «ጣልኩ» የተባለና «የወደቀ» አንድ አይደለም። በሰከንድ በሚቆጠር ውጊያ ሁለት ሰው አንዱን አውሮፕላን መትቶ ሁለቱም ጣልኩ ይላል። ጭስ እየተፋ ወደ ደመና የገባ ሁሉ አይወድቅም፤ ዛፍ ለዛፍ እየበረረ ቤቱ የሚገባ አለ። ፊንላንዶቹ ማረጋገጫ ይጠይቁ ነበር፣ ሆኖም ከዚህ ስሕተት የዳነ አየር ኃይል የለም፤ አሜሪካም፣ ጀርመንም፣ ሶቪየትም ያው ናቸው። ቁጥሩ ተቆርጦ ተቆርጦም ቢሆን ግን ሚዛኑ ወደ ፊንላንዶቹ ማድላቱ አይቀርም። 15 ብቻ ማጣት በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከአብራሪዎቹ ሁለት ሰው ብቻ ልጥቀስ። ኢልማሪ ዩቲላይነን በጠቅላላ 94 በስሙ ተመዝግቦለታል፤ ከነዚህ 34ቱ በብሩስተር፣ በ24ኛው ውስጥ እያለ ነው። በጦርነቱ ሁሉ የጠላት ተዋጊ ጥይት አላገኘውም። አንድ ጊዜ የመታው የራሱ ወገን የፀረ አውሮፕላን መድፍ ነው! መኮንን ሁን ሲሉት እንቢ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡኛል ብሎ ፈርቶ። የበታች ሹም ሆኖ ጦርነቱን ጨረሰ። ሌላው ሃንስ ቪንድ ነው፤ 75፣ ከነዚህ 39ኙ በብሩስተር። ሁለቱም የአገሪቱን ትልቁን ሜዳይ፣ የማነርሃይም መስቀልን፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ተሸልመዋል።

በ1943 ነገሩ ተለወጠ። ሶቪየቶች አዳዲስ አውሮፕላን አመጡ፣ አብራሪዎቻቸውም ተማሩ፤ እነሱም በጥንድ መብረር ጀመሩ። ብሩስተር አረጀች። በ1944 ጸደይ 24ኛው ብሩስተሮቹን ለሌላ ስኳድሮን አስረክቦ የጀርመን ሜሰርሽሚት ተቀበለ። ጁን ላይ የሶቪየቶች ትልቁ ማጥቃት መጣ። በቀን ስንቴ እየተነሱ፣ ነዳጅ እስኪሞላ ክንፍ ሥር እያንቀላፉ ተዋጉ። ጁን 17 ላይ የስኳድሮኑ ታዋቂ አብራሪ ላውሪ ኒሲነን ሞተ። የገደለው ጠላት አይደለም። ከላይ የተመታች የጓደኛው አውሮፕላን ስትወድቅ እሱ ላይ አረፈች፤ ሁለቱም ሞቱ። ጁን 28 ቪንድ ክፉኛ ቆስሎ እንደምንም አረፈ፤ ከዚያ በኋላ አልተዋጋም። ስኳድሮኑ በሜሰርሽሚት 304 ጣልኩ አለ። ሴፕቴምበር ላይ ፊንላንድ ከሶቪየት ጋር ተኩስ አቆመች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የስኳድሮኑ ቁጥር ከ24 ወደ 31 ተቀየረ፤ 31ኛው ተዋጊ ስኳድሮን ዛሬም አለ።

ቢደብልዩ 372ስ? ጁን 25፣ 1942 መቶ አለቃ ላውሪ ፔኩሪ እያበረራት ሀሪኬን ከሚባሉ የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላኖች ጋር ተጋጠመ። ተመታች። ጫካው ላይ ከመውደቅ ብሎ ሐይቁ ላይ አሳረፋት። እሱ ወጣ፣ እሷ ሰመጠች። በጠላት መሬት፣ በጫካና በረግረግ ውስጥ በእግሩ እየሄደ ወገኖቹ ጋ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተመትቶ ወደቀ፤ በዚህኛው ተማርኮ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ተመለሰ።

እሷ ከሐይቁ ስትወጣ እሱ በሕይወት ነበር። መጀመሪያ አሜሪካ ሙዚየም ወሰዷት፣ ከ2008 ጀምሮ ፊንላንድ፣ ቲካኮስኪ ነች። አላደሷትም። ቀለሟ ተላጥቶ፣ ቆርቆሮዋ ተጨራምቶ፣ ከሐይቁ እንደወጣች ቆማለች።